የለቅሶ ሊትር

ትርሲት ታንኳ ሰፈር የደረሰችው ሰፈሩ በታሸገ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ታንኳ ይባል እንጂ ከሽማግሌዎቹ በቀር ታንኳ በዓይኑ ያየ ሰው የለበትም፤ ሐይቁ ከደረቀ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ከሐይቁ የተረፈው ስሙና ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዓይን ውስጥ የሚገባው ነጭ አቧራ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አሥራ አንድ ሊትር ውሃ ይታደላል። ልጅ ሲወለድ ለቤቱ ስድስት ይጨመራል፤ ሰው ሲሞት በማግሥቱ አሥራ አንዱ ይቀነሳል። ይህን የሚያደርገው ቧንቧው ራሱ ነው፤ ማንም መጥቶ አይናገርም።

በር ላይ የቆመው ዘብ ወረቀትና እርሳስ መያዟን አይቶ ፈገግ አለ። አልፈረደችበትም። በሽታ ከየት እንደመጣ ሰውን እየጠየቁ የሚያጣሩ እንደ እሷ ያሉ ጠያቂዎች በክልሉ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ጡረታ ሊወጣ ወር ቀርቶታል። አሁን በሽታን የሚያሳድደው መዝጋቢው የሚባለው ማሽን ነው። በየሰዉ አንጓ ላይ ያለው አምባር ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ማን ስንት ጊዜ እንዳስነጠሰ፣ የማን ሙቀት ስንት እንደደረሰ ለመዝጋቢው ያደርሳል፤ መዝጋቢው ደግሞ መስመር ከመስመር እያገናኘ መነሻውን ያገኛል። ከመቶ ዘጠና ስምንቱን ያገኛል። ጠያቂ የሚላከው ለቀሩት ሁለቱ ነው፤ ትርሲት ሥራዋን ስትገልጽ፣ ማሽኑ አፍሮ ሰው ሲያስጠራ እኔ እሄዳለሁ ትል ነበር።

በሽታውን መዝጋቢው «ክስተት አርባ ሰባት» ይለዋል። ሰፈርተኛው «አድራቂው» አለው፤ የያዘው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በሰውነቱ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ከላይም ከታችም ይወጣና ጉንጩ ይጎደጉዳል፣ ቆዳውን ቆንጥጠው ሲለቁት እንደ ጨርቅ ታጥፎ ይቀራል። ስድሳ አንድ ሰው ታሟል፤ አሥራ ዘጠኙ ሞተዋል። ቧንቧው ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ። ገበያው ተመረመረ፣ ዶሮዎቹ ተለቅመው ተቀበሩ። በሽታውን ሬሳ ያስተላልፋል ተባለና ሟች በሁለት ሰዓት ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲቀበር ታዘዘ፤ ሰዉ ግን መሞቱን አልተወም። የመዝጋቢው መስመሮች ስድሳ አንዱን በሽተኞች የትም ቦታ ላይ አያገናኟቸውም።

ትርሲት ሥራውን የተማረችው አሁን በሕይወት ከሌሉ አንዲት አሮጊት ጠያቂ ነው። ሁለት ነገር አስተምረዋታል። አንደኛው፣ በሽታው ከየት ያዘህ ብሎ አለመጠየቅ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ሲጠይቁት ጎረቤቱን ያማል። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ምን አደረግህ ብሎ መጀመርና ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ከታመመው እኩል ያልታመመውን መጠየቅ ነው። ለሁለተኛው ማንም ትዕግሥት የለውም፤ ደህና የሆነ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ሦስት ቀን ቤት ለቤት ዞረች። እናቶች የልጆቻቸውን የመጨረሻ ሳምንት ከቁርስ ጀምረው ነገሯት። አንዷ ልጇ የበላውን ስትዘረዝር ቆይታ ማክሰኞ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ማክሰኞን መጨረስ እንደማትችል ተናግራ ትርሲትን ይቅርታ ጠየቀቻት። እንባዋ ሲመጣ አምባሯ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ይረጋጉ፤ በረጅሙ ይተንፍሱ» አላት። ሴትዮዋ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ትርሲትም እንዳልሰማች ሆና ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዓምድ አስምራ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ሳጥን እየሣለች ስትደራርብ፣ ሳጥኖቹ ጉብታ ጉብታ ሠሩ። አንድ ሰው ይሞታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በሟቹ ቤት ዙሪያ አሥር አሥራ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ይወድቃል። መዝጋቢው ሬሳን የጠረጠረው ይህን አይቶ ነው። ትርሲትም ልትጠረጥር ምንም አልቀራትም ነበር፤ ነገር ግን ሰፈሩ ከመታሸጉ በፊት ከሌላ ሰፈር እየመጡ ሬሳውን በእጃቸው ያጠቡትና የገነዙት ሰዎች አንዳቸውም አልታመሙም። ከቀብሩ በኋላ የሆነ ነገር ነበር፤ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዝማም ቤት ገባች። በግራም በቀኝም ያሉት ቤቶች ሞት ገብቶባቸዋል፤ መካከል ላይ እትዬ ዝማምና ስድስት ቤተሰቦቻቸው ራሳቸውን እንኳ አላመማቸውም። ሰባ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው፤ ጎረቤት የሚበላውን ይበላሉ። ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም ከሚቀዳበት ቧንቧ። ከማን ጋር እንደሚውሉ ስትጠይቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ከማንም ጋር» አሉ። «ለቅሶም አልደርስ። የኔን ለቅሶ ማን ደረሰልኝና።»

ትርሲት ሌላ አልጠየቀችም፤ ነገሩ በራሱ ጊዜ መጣ። ከስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸው ሩቅ አገር የጨው ማጣሪያ ሲሠራ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እትዬ ዝማም ድንኳን እንዲተከልላቸው ወደ እድሩ ሄዱ። እድሩ ደግሞ ደንብ አለው፤ ድንኳኑም በርሜሉም የሚወጣው ከሰፈሩ ለሚወጣ ሬሳ ነው፣ ውጭ ለተቀበረ አይደለም። ደንቡን የጠቀሱላቸው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራው ነበሩ። እትዬ ዝማም ልጃቸውን በራቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አለቀሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውም ሆኑ ቤተሰባቸው የዚያን እድር ውሃ ላይቀምሱ ማሉ።

ትርሲት እርሳሷን አስቀመጠች። «የምን ውሃ ነው፣ እትዬ?» አለች።

የት አገር ሰው ነሽ በሚል ዓይን አዩዋት። ነገሩን ሁሉም ስለሚያውቀው ለማንም ተነግሮ አያውቅም። ውሃ በሊትር መታደል ከጀመረ ወዲህ ታንኳ ሰፈር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ከራሱ ድርሻ አንድ ሊትር ይዞ ሄዶ፣ ድንኳኑ በር ላይ በሚቆመው ሰማያዊ የእድር በርሜል ውስጥ ይገለብጠዋል። ይህ የለቅሶ ሊትር ይባላል። ሐዘንተኛው ከዚያ ይጠጣል፤ ለቀስተኛውም አልቅሶ ጉሮሮው ሲደርቅ በጣሳ ጠልቆ ይጎነጫል። የተረፈው አይደፋም፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውም የለም። ለሞተ ሰው ተብሎ የተሰጠ ነውና ከነበርሜሉ በጋሪ እየተገፋ ወደሚቀጥለው ለቅሶ ይሄዳል።

ሌላም ነገር ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ሰፌድ ይቀመጣል፤ የሚገባ ሁሉ አምባሩን አውልቆ እዚያ ላይ ያኖራል። ሰው ከልቡ ሲያለቅስ አንጓው ላይ ያለ ነገር ይረጋጉ ሲለው ነውር ሆኖ ስለተገኘ ነው። መዝጋቢው በዚያ ሰዓት የሚያየው ሁለት መቶ ሰው አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ተደራርቦ፣ ልቡ ሳይመታ ተኝቶ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ግራ እየገባው አምቡላንስ ይልክ ነበር፤ ኋላ ግን የመሣሪያ ብልሽት ብሎ መዝለልን ተማረ። ቀብር ላይ መሰብሰብ ሲከለከል ለቅሶን የከለከለ ያልነበረው ለዚህ ነው። ለቅሶ የሚባል ነገር መኖሩን መዝጋቢው አያውቅም።

ትርሲት የዞረችባቸውን ቤቶች ተመልሳ ዞረች፤ አሁን ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። ከስድሳ አንዱ በሽተኞች ስድሳው ከበርሜሉ ጠጥተዋል። ከጠየቀቻቸው አርባ ያልታመሙ ሰዎች የጠጡት አራት ናቸው። ስድሳ አንደኛዋ ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ አልነበረችም። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ተነጥላ የተቀመጠች ናት፤ ፀዳለ ወንድይፍራው፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ የሞጆ ደረቅ ወደብ ሠራተኛ፣ ሟች። ሰፈሩ ከመታሸጉ ሁለት ቀን ቀድማ ለአክስቷ ለቅሶ መጥታ፣ አርባ ደቂቃ ቆይታ፣ በዚያው መኪና ተመልሳለች። አምባሯ እንደሚለው አንድም በሽተኛ አልነካችም። ከበርሜሉ ጠጥታ ከሆነ ግን ሌላ ምንም ማስረጃ አያስፈልግም። መጠጣት አለመጠጣቷን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ስሟ ላይ ያለው አባቷ።

ሳትጠይቃቸው ብትቀር ትወድ ነበር። ግን በዚያ ቀን ከሰዓት ሌላ ለቅሶ ነበር፤ በርሜሉ ሊወጣ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራውን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሳህን በአሸዋ ሲያሹ አገኘቻቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የልጃቸው መርዶ ከመጣ ሳምንት ሆኖታል፤ የምትሠራበት ቢሮ ሰዎች እዚያው ሞጆ ቀበሯት። በሩ ታሽጎ ስለነበር አልሄዱም። ድንኳንም አልተከሉ፣ ለማንም አላስነገሩ፤ ለሌላው የከለከሉትን ደንብ ለራሳቸው አይሰብሩም። በየጠዋቱ እየመጡ የእድሩን ሳህን ያሻሉ፤ ንጹሑንም መልሰው ያሻሉ። ጋሪው አጠገባቸው ቆሟል፤ በርሜሉ ላዩ ላይ ነው።

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስለ በርሜሉ እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ፤ ስለ ልጃቸው የምትጠይቃቸው መስሏቸው ፈርተው ነበር። ከበሽታው መግባት ወዲህ የነበሩትን ለቅሶዎች በየተራቸው፣ የማን ቤት እንደነበረ፣ ምን ያህል ሰው እንደመጣ፣ ውሃው እስከየት ድረስ እንደተረፈ በቃላቸው ነገሯት። ሞቱ ሲበዛ በርሜሉ አንድ ቤት ከአንድ ቀን በላይ አላደረም፤ ቢሆንም አንድም ሐዘንተኛ ውሃ አጥቶ አያውቅም። በሃያ ሁለት ዓመት ኃላፊነታቸው በርሜሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ አንዲት ጠብታም መሬት አልነካችም።

«የዛሬ ሃያ ዓመት የሞቱት ሰዎች ውሃ እዚህ ውስጥ አለ ብልሽ አልዋሸሁም» አሉና ክዳኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ትርሲት የሚሉትን ሁሉ ጻፈች። ሰውዬው እየኮሩ የሚናገሩት ነገር አንድ በአንድ ማስረጃ ሆኖ ወረቀቷ ላይ ሲሰፍር ልቧ አዘነ። ብዙ ሰው ስትጠይቅ ኖራለች፤ ይህን ያህል የከበዳት የለም።

«ጋሼ» አለች። «ፀዳለ ለአክስቷ የመጣች ዕለት ከዚህ ውሃ ጠጥታ ነበር?»

«መኪናው ሊሄድባት ነበር» አሉ። «ሊትሯን ገልብጣ እንደመጣች ልትሮጥ ስትል፣ ጉሮሮሽን ሳታርሺ አትሄጂም ብዬ እኔው ቀድቼ ሰጠኋት። ቆማ ነው የጠጣችው።» ጣሳ የያዘች የምትመስል እጃቸው አየር ላይ ቀረች። እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ወረቀቷን አዩ። «ውሃው ነው እንዴ?»

ጠያቂ እንዲህ ሲባል የሚያመልጥበት መንገድ አለው። ገና እየተጣራ ነው ይላል፤ ትርሲትም ብዙ ጊዜ ብላዋለች። አሁን ግን ጋሪው ተጭኖ ቆሟል።

«አዎ፣ ጋሼ» አለች። «ውሃው ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ተነሡ፣ ክዳኑን አንሥተው በጥንቃቄ ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ትከሻቸውን ለበርሜሉ ሰጡት። ልታግዛቸው ስትነሣ በእጃቸው ከለከሏት። በርሜሉ ከጋሪው ላይ ተገለበጠ፤ ውሃው በነጩ አቧራ ላይ እየተንከባለለ መንገዱን ይዞ ወረደ።

ሰዉ ድምፁን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣ። ይህን ያህል ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ያየ ወጣት በሰፈሩ የለም። ልጆች ሮጠው እጃቸውን ሊነክሩ ሲሉ ጋሽ ወንድይፍራው ጮኸው አባረሯቸው፤ ሲጮኹ የተሰሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ሰውዬው አበደ አለ። ሌላው የሙታኑን ውሃ ደፋው እያለ ድንጋይ አነሣ። ባሏን ባለፈው ሳምንት የቀበረች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የቀብሩ ቀን ካለቀሰችው የበለጠ አለቀሰች። ትርሲት ልታስረዳ ሞከረች፤ የሚሰማት አልነበረም። ጋሽ ወንድይፍራው በርሜሉን ባዶውን ወደ ጥላ አንከባለሉትና በአፉ ደፉት።

በዚያው ከሰዓት ትርሲት የዘቡ መጠለያ ውስጥ ተቀምጣ ቅጹን ሞላች። መዝጋቢው ማስረጃውን አንድ በአንድ ተቀበለ፤ የመጨረሻው ሳጥን ላይ ቆመ። የመነሻው ሰው ስም ይላል። «የእድር በርሜል» ብላ ጻፈች። እባክዎ የሰው ስም ያስገቡ ብሎ መለሰላት። «የታንኳ ሰፈር እድር» አለች፤ ያንኑ መለሰ። ሳጥኑን ባዶውን ብትተወው የሚሆነውን ደግሞ ታውቀዋለች። መነሻው አልተገኘም ተብሎ ሰፈሩ ሌላ ዘጠና ቀን ይታሸጋል፣ ውሃው በግማሽ ይቀነሳል፤ አራት ሺህ ሰው በአምስት ሊትር ተኩል።

ስሙ የሚጻፈው ሰው ከሰፈሩ ይወጣል፤ ለሦስት ዓመት ጨው ሜዳው ላይ ያለው ማቆያ ይገባል፤ ስሙ በቤቱ በር ላይ በሰሌዳ ይሰቀላል። በሰባ አንድ ዓመት ሦስት ዓመት ስንት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ትርሲት በሥራ ዘመኗ ሃያ ሁለት ስም ጽፋለች። ሰሌዳ በተሰቀለበት በር ዳግመኛ አታልፍም፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳም ቢሆን ትርቀዋለች።

እሷ እንዲህ ተቀምጣ ሳለ ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቢሮ የሚገቡ ይመስል ደጁ ላይ ቆሙ።

«የበርሜሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ። «የሌላ ሰው ስም እንዳትጽፊ።»

አያውቁም ነበር አለቻቸው፤ ማንም አያውቅም ነበር። ውሃውን የሰጠው ሰፈሩ በሙሉ ነው፤ የመጀመሪያው መጥፎ ሊትር ከማን ቤት እንደመጣ ከእንግዲህ አይታወቅም።

«አላውቅም ነበር» አሉ። «አሁን አወቅሁ። ጻፊው ልጄ፤ ሰዉ ውሃ ጠምቶታል።»

ጻፈችው። መዝጋቢው ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን አላት።

አዲስ በሽተኛ ሳይገኝ ዘጠኝ ቀን አለፈና በሩ ተከፈተ። በዚያን ቀን ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራው አንዲት ጥቅል ልብስ ይዘው ዕቃ ቤቱ በር ላይ መኪናውን ይጠብቁ ነበር። የሰፈሩ ሰው አሁን ነገሩን ያውቃል። ሆኖም የተጠጋቸው የለም። የተቀየማቸው ነበር፤ አብዛኛው ግን አፍሮ ነው። እያንዳንዱ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ሊትር ያስባል፤ የትኛው ለቅሶ ላይ እንደሰጠ፣ ጣሳውን ሲጠልቅ እጁ ታጥቦ እንደነበር።

ትርሲት ልማዷን ትታ ተመልሳ መጣች። አጠገባቸው ተቀመጠች፣ አምባሯን አውልቃ መሬት ላይ አኖረችው።

«ለፀዳለ ነው የመጣሁት» አለች።

መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እግዜር ይስጥልኝም አሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አለቀሱ። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሲያለቅሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ለማቆያ ሰው የሚታሰረው አምባር አይወልቅም፤ ጉልበታቸው ላይ ካረፈው እጃቸው በዚያ ለስላሳ ድምፁ ይረጋጉ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ ይላቸው ነበር። እሷ እጇን ላዩ ላይ ጭና ድምፁን አፈነችው።

ቀና ሲሉ እትዬ ዝማም ቆመዋል። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ በር አልፈው አያውቁም። በሁለት እጃቸው ውሃ የሞላ ጣሳ ይዘዋል።

«ድንኳን የለ፣ ሬሳ የለ» አሉ። «እኔም እንዲሁ ነበር ያለቀስኩት።» ጣሳውን ዘረጉላቸው። «ጠጣ፣ ወንድይፍራው። ከቤቴ ነው።»

ጋሽ ወንድይፍራው ተነሥተው ተቀበሉ። ውሃውን አዩት። ወደ አፋቸው አስጠጉት፣ ከንፈራቸው ጋር ሊደርስ ሲል እንደገና ዝቅ አደረጉት። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆኑ። ከበሩ በኩል የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ፤ እትዬ ዝማም አላስቸኮሏቸውም። ለፀዳለ በእጃቸው ቀድተው የሰጡት ጣሳ ፊታቸው ላይ እንደመጣባቸው ትርሲት ገባት። ከዚያ አንድ ጠብታ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ ጣሳውን እንደሞላ ለእትዬ ዝማም መለሱላቸው።